ሃይራም ማክሲም እና የአፈሙዝ ግለት

ሃይራም ስቲቨንስ ማክሲም ስሙ የሚነሣው በአንድ መሣሪያ ነው። በ1880ዎቹ አጋማሽ ለንደን ውስጥ የሠራው፣ ራሱ እያጎረሰ ራሱ የሚተኩስ መትረየስ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን የጦርነት መልክ ለውጦታል። ስለ እሱ የተጻፉ አጫጭር የሕይወት ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት ጠመንጃ ሲተኮስ የሚፈጥረውን ርግጫ ቀጣዩን ጥይት ለማጉረስ በማዋሉ ላይ ነው። ግኝቱ በእርግጥም ታላቅ ነው። ይሁን እንጂ ርግጫው የፈታው የፍጥነትን ጥያቄ ብቻ ነበር። ፍጥነቱ ደግሞ ወዲያው ሌላ ጥያቄ ወለደ፤ በደቂቃ እስከ 600 ጥይት የሚያልፍበት አንድ ነጠላ አፈሙዝ ከመጠን በላይ ሳይግልና ሳይበላሽ እንዴት ሊቆይ ይችላል? የዚህ ጽሑፍ ጭብጥ ማክሲም ለሁለተኛው ጥያቄ የሰጠው መልስ ከመጀመሪያው ያላነሰ ክብደት እንዳለው፣ መልሱም ሙቀትን በመግራት ሥራ ካሳለፈው ረጅም ዕድሜ ጋር የተያያዘ መሆኑን ማሳየት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሜይን እስከ ለንደን

ማክሲም የተወለደው በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1840፣ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በሜይን ግዛት በምትገኘው ሳንገርቪል ነው። አባቱ አይዛክ ገበሬ፣ እንጨት ጠራቢና ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ስለነበር ቤተሰቡ ከቦታ ቦታ ይዘዋወር ነበር። ልጁ የመደበኛ ትምህርት ዕድሉ አነስተኛ ነበር፤ በ14 ዓመቱ ሠረገላ ሠሪ ዘንድ ለሙያ ልምምድ ገባ። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በቀለም ቅብ፣ በእንጨት ሥራና በብረታ ብረት ሥራ የተከፋፈሉ ናቸው። ለዚህ ጽሑፍ ፋይዳ ያለው ምዕራፍ የሚጀምረው በማሳቹሴትስ ግዛት በፊችበርግ ከተማ አጎቱ ወርክሾፕ ሲቀጠር ነው። በዚያም ሆነ በኋላ በቦስተንና በኒው ዮርክ የተሰማራባቸው ሥራዎች፣ ለመብራት የሚሆን ጋዝ የሚያመርቱ መሣሪያዎችን፣ የእንፋሎት ሞተሮችንና ፓምፖችን ያካተቱ ነበሩ። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጠው ይህ ሰው ስለ ሙቀት ያለውን ዕውቀት ያካበተው በእነዚህ ወርክሾፖች ውስጥ ነው።

በ1870ዎቹ መጨረሻ የዩናይትድ ስቴትስ ኤሌክትሪክ መብራት ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሆኖ ከኤዲሰን ጋር በተመሳሳይ መስክ ይፎካከር ጀመር። በወቅቱ አምፖል ውስጥ ብርሃን የሚሰጠው ቀጭን የካርቦን ክር ነበር። ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ውፍረት ከሌለው፣ ቀጭኑ ቦታ ከሌላው ይልቅ ይግላል፤ የጋለው ቦታ ቶሎ ይበላል፤ ሲበላ ደግሞ ይበልጥ ይቀጥንና ይበጠሳል። ማክሲም የባለቤትነት መብት ካስመዘገበባቸው ዘዴዎች አንዱ ለዚህ ችግር የታለመ ነበር። ክሩን በሃይድሮካርቦን ጋዝ ውስጥ አድርጎ ኤሌክትሪክ ይለቅበታል። ጋዙ ግለት ባለበት ቦታ ተፈትቶ ካርቦኑን ያራግፋል፤ ይበልጥ የሚግለው ቀጭኑ ቦታ ስለሆነ ካርቦኑ በብዛት የሚጠራቀመው እዚያው ላይ ነው። ክሩ በገዛ ግለቱ የገዛ ጉድለቱን ይሞላል ማለት ነው። ዘዴው የማክሲም ብቻ ነው ለማለት አይቻልም፤ በዚያው ዘመን ሌሎችም ወደ ተመሳሳይ መፍትሔ ደርሰዋል። ነገር ግን ሰውዬው እንዴት ያስብ እንደነበር ያሳያል፤ አስቸጋሪውን ኃይል ራሱን ለሥራ ማሰማራት ልማዱ ነበር።

በ1881 ፓሪስ ላይ በተካሄደው የኤሌክትሪክ ዐውደ ርእይ የኩባንያውን መሣሪያዎች ይዞ ቀረበ፤ ከፈረንሳይ መንግሥትም የሌዥዮን ዶነር ሽልማት ተሰጠው። ከዚያ በኋላ ኑሮውን ወደ ለንደን አዞረና በሃተን ጋርደን ሰፈር አነስተኛ ወርክሾፕ ከፈተ። ከኤሌክትሪክ ወደ ጦር መሣሪያ ለምን እንደተሻገረ ሲነገር፣ አውሮፓውያን የሚተራረዱበትን መሣሪያ ብትሠራ ሀብታም ትሆናለህ ብሎ አንድ ወዳጁ መከረው የሚለው ወግ ይዘወተራል። ወጉ የሚጥም ቢሆንም ብዙ ክብደት የሚሰጠው አይደለም። ከዚህ ይልቅ ለሥራው የሚቀርበው፣ በ1915 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ያወሳው የወጣትነት ገጠመኝ ነው፤ ጆርጂያ ግዛት ሳቫና ውስጥ ወታደራዊ ጠመንጃ ሲተኩስ ርግጫው ትከሻውን አበለዘው፤ ይህ ሁሉ ኃይል ተኳሹን ከመደብደብ ሌላ ጥቅም ሊሰጥ አይችልምን የሚለው ሐሳብም በውስጡ ቀረ።

የብዙ አፈሙዞች ሥውር ጥቅም

ከማክሲም በፊት በፍጥነት የሚተኩሱ መሣሪያዎች አልነበሩም ማለት አይደለም። በ1862 የባለቤትነት መብት ያገኘው ጋትሊንግ በዙሪያ የተደረደሩ አፈሙዞች ነበሩት፤ ተኳሹ እጀታውን ሲያዞር አፈሙዞቹ በየተራ እየጎረሱ ይተኩሱ ነበር። ፈረንሳዮች በ1870ው ጦርነት ከፕሩሲያ ጋር ሲዋጉ ያሰለፉት ሚትራዬዝ ደግሞ 25 አፈሙዞች በአንድ ጥቅል ታስረው የተሠራ ነበር። የአማርኛው መትረየስ የመጣው ከዚሁ ከፈረንሳይኛው ቃል ነው፤ ዛሬ በአንድ አፈሙዝ የሚተኩሰውን መሣሪያ የምንጠራው አፈሙዙ ብዙ በነበረው ቀዳሚው ስም መሆኑ የቋንቋ ታሪክ ተመራማሪን ሊያስገርም ይችላል።

አፈሙዝ ማብዛት ያስፈለገው በዋናነት ለፍጥነት ቢሆንም፣ ብዙም የማይወሳ ሌላ ጥቅም ነበረው። ስድስት አፈሙዝ ያለው መሣሪያ በደቂቃ 300 ጥይት ቢተኩስ ለእያንዳንዱ አፈሙዝ የሚደርሰው 50 ብቻ ነው። ግለቱ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱም ተራው እስኪደርስ ድረስ በጥቂቱም ቢሆን ይበርዳል። በዚያ ላይ እጀታውን የሚያዞረው የሰው ክንድ ነው፤ ክንድ ደግሞ ይደክማል። የሰው ድካም የአፈሙዝ ግለት መቆጣጠሪያ ሆኖ ያገለግል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማክሲም ሁለቱንም አነሣ። በ1883 እና በተከታዮቹ ዓመታት የባለቤትነት መብት ባስመዘገበባቸው ንድፎች መሠረት፣ አንድ ጥይት ሲተኮስ አፈሙዙና መቀርቀሪያው ተያይዘው ጥቂት ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ ከዚያ መቀርቀሪያው ይላቀቅና ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ይጥላል፤ ከጨርቅ ዝናር ላይ አዲስ ጥይት ይስባል፤ ጠመዝማዛው ሽቦ መልሶ ሲገፋው ያጎርስና ይተኩሳል። ቃታው እስካልተለቀቀ፣ ዝናሩም እስካላለቀ ድረስ ሂደቱ አይቆምም። በ1884 ለተመልካች ያቀረበው የመጀመሪያው ናሙና የተኩሱን ፍጥነት ከዝግታ እስከ በደቂቃ 600 የሚያስተካክል በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ መቆጣጠሪያ ነበረው። ይህ ክፍል በኋላ ቀርቷል። በመቅረቱ የግለቱን ጉዳይ የመሸከም ዕዳ ሙሉ በሙሉ በማቀዝቀዣው ላይ ወደቀ።

ግለቱ ከየት ይመጣል?

አንድ ጥይት ሲተኮስ በባሩዱ ውስጥ የታመቀው ኃይል በዋናነት በሦስት መንገድ ይከፋፈላል። አንዱ ክፍል እርሳሱን ያስፈነጥራል፤ ሌላው ከአፈሙዙ ጫፍ ከሚወጣው ትኩስ ጋዝ ጋር ይባክናል፤ የቀረው ወደ አፈሙዙ ብረት ይሰርጋል። እርሳሱ ከአፈሙዙ ግድግዳ ጋር የሚያደርገው ፍትጊያ ድርሻ ቢኖረውም ዋነኛው ምንጭ ጋዙ ነው። ጋዙ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ በአፈሙዙ ውስጥ የሚቆየው ግን ለጥቂት ሺሕኛ ሴኮንዶች ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚግለው የውስጠኛው ገጽ ስስ ንጣፍ ብቻ ሲሆን፣ ሙቀቱ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይሰራጫል። አንድ አነጣጥሮ ተኳሽ በደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢተኩስ ብረቱ ፋታ ያገኛል። በሴኮንድ አሥር ጊዜ ሲተኮስ ግን አንዱ ሙቀት ሳይሰራጭ ሌላው ይደረብበታል።

ውጤቱ በየደረጃው ይታያል። በመጀመሪያ የእርሳሱ አቅጣጫ መዛባት ይጀምራል፤ ቀጥሎ እርሳሱን የሚያሽከረክሩት በአፈሙዙ ውስጥ የተቀረጹ ጠመዝማዛ ቦዮች በፍጥነት ይበላሉ፤ ግለቱ ወደ ብዙ መቶ ዲግሪ ሲደርስም ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል። ከሁሉ ይበልጥ ለተኳሹ ቡድን አደገኛ የሚሆነው በጋለው አፈሙዝ ውስጥ ጎርሶ የቀረ ጥይት ማንም ቃታ ሳይስብ በግለቱ ብቻ መተኮሱ ነው።

የማክሲም መፍትሔ በአሠራሩ ቀላል ነው። አፈሙዙን ዙሪያውን የሚከብ፣ ከብረት የተሠራ ሰፊ ቱቦ አበጀና በውሃ ሞላው። በወርክሾፕ የኖረ መሐንዲስ ሊያስበው የሚችል ነገር ይመስላል፤ ነውም። የሚያስቸግረው ዝርዝሩ ነበር። አፈሙዙ በእያንዳንዱ ተኩስ ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚንሸራተት፣ ውሃው ግን መፍሰስ ስለሌለበት፣ አፈሙዙ ከውሃው ቋት የሚወጣባቸው ሁለቱ ጫፎች በዘይት በተነከረ የአስቤስቶስ ገመድ ይታሸጉ ነበር። ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል፤ መውጫው ግን አፈሙዙ ወደ ላይ ሲቃናም ሆነ ወደ ታች ሲያዘቀዝቅ ውሃውን ማፍሰስ የለበትም። ለዚህ የተበጀው መላ ያምራል። በቋቱ ውስጥ ከላይ በኩል፣ በሁለቱም ጫፍ አጠገብ ቀዳዳ ያለው ቀጭን ቱቦ ተጋድሟል፤ በላዩ ላይ በራሱ ክብደት የሚንሸራተት ሌላ አጭር ቱቦ አለ። መሣሪያው ሲያዘነብል ተንሸራታቹ ወደ ዝቅተኛው ጫፍ ይወርድና ውሃ የሚያገኘውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ከውሃው በላይ ያለው ቀዳዳ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ በዚያ በኩል የሚወጣው እንፋሎት ብቻ ነው። ሞተርም ማንሻም የለውም፤ የሚሠራው በስበት ነው።

ውሃው ምን ያህል ሙቀት እንደሚሸከም በቀላል ስሌት መፈተሽ ይቻላል። ለዚህ የሚያገለግለው አኃዝ በደንብ የተመዘገበው ለቪከርስ መትረየስ ነው፤ ቪከርስ በ1912 በብሪታንያ ጦር ተቀባይነት ያገኘ፣ የማክሲም ቀጥተኛ ዝርያ ነው። የውሃ ቋቱ 4 ሊትር ገደማ ይይዝ ነበር። ያለማቋረጥ ሲተኮስ ውሃው ከ600 ያህል ጥይት በኋላ ይፈላል፤ ከዚያ በኋላ በየ1,000 ጥይቱ 0.85 ሊትር ገደማ እየተነነ ያልቃል። አራት ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ 1,420 ኪሎ ጁል ያህል ያስፈልጋል፤ ለ600 ሲካፈል ለአንድ ጥይት 2.4 ኪሎ ጁል ይደርሳል። በሌላ በኩል 0.85 ሊትር የፈላ ውሃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 1,920 ኪሎ ጁል ገደማ ይጠይቃል፤ ለ1,000 ሲካፈል 1.9 ኪሎ ጁል ነው። ከሁለት አቅጣጫ የተገኙት ውጤቶች ተቀራራቢ ናቸው። እርሳሱ ራሱ ከአፈሙዙ ይዞት የሚወጣው ኃይል 3 ኪሎ ጁል ገደማ መሆኑ ሲታሰብ፣ ጠላት ላይ ከሚያርፈው ኃይል ሁለት ሦስተኛው ያህል አፈሙዙ ላይ ይቀራል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ውሃ ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር ማስላት ይጠቅማል። ሁለት ኪሎ ግራም የሚመዝን የብረት አፈሙዝ በእያንዳንዱ ጥይት ሁለት ኪሎ ጁል ቢቀበል፣ ወደ አየር የሚያመልጠው ሙቀት ሳይቆጠር፣ ግለቱ በየጥይቱ በሁለት ዲግሪ ይጨምራል። 250 ጥይት የያዘ አንድ ዝናር ሲያልቅ ጭማሪው ወደ 500 ዲግሪ ይጠጋል። በደቂቃ 500 ጥይት ለሚተኩስ መሣሪያ ይህ የግማሽ ደቂቃ ጉዳይ ነው።

ከስሌቱ የሚወጣው ዋና ነጥብ ግን ሌላ ነው። ውሃው ሲፈላ ማቀዝቀዣው አቅም ያነሰው ሊመስል ይችላል፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። አራቱ ሊትር ውሃ እስኪፈላ ድረስ የሚሸከመው 1,420 ኪሎ ጁል ሲሆን፣ ከፈላ በኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪተን ድረስ የሚሸከመው ግን 9,000 ኪሎ ጁል ያህል ነው፤ ከስድስት እጥፍ በላይ። መፍላቱ ራሱ ማቀዝቀዣው ነው። ውሃ እስካለ ድረስም ከ100 ዲግሪ አያልፍም፤ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ደግሞ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለሆነም ጎርሶ የቀረ ጥይት በግለት የመተኮሱ አደጋ ከሞላ ጎደል ይወገዳል። ከልጅነቱ ጀምሮ ከእንፋሎት ማሞቂያ ጋር የኖረ ሰው ይህን በቃል ሳይሆን በእጁ ያውቀው ነበር። ውሃው የማያድነው የውስጠኛውን ገጽ ነው፤ ጋዙ በቀጥታ የሚልሰው ስስ ንጣፍ ውጪው ቢቀዘቅዝም መበላቱ አይቀርም። ለዚህም ነው የቪከርስ አፈሙዝ በየ10,000 ጥይቱ ገደማ ይቀየር የነበረው።

የእንግሊዝ ጦር ለማክሲም ያቀረበለት የፈተና መመዘኛም ከግለት አንጻር ሲነበብ አዲስ ትርጉም ያገኛል። ማክሲም እንደመዘገበው መሣሪያው ከ100 ፓውንድ፣ ማለትም ከ45 ኪሎ ግራም ገደማ፣ መብለጥ አልነበረበትም፤ በአንድ ደቂቃ 400፣ በሁለት ደቂቃ 600፣ በአራት ደቂቃ ደግሞ 1,000 ጥይት መተኮስ ይጠበቅበት ነበር። አማካይ ፍጥነቱ ከ400 ወደ 300፣ ከዚያ ወደ 250 ይወርዳል። ፈታኞቹ መሣሪያው እየጋለ ሲሄድ ይዳከማል ብለው አስቀድመው እንደገመቱ ቁጥሮቹ ይጠቁማሉ። የማክሲም መትረየስ መመዘኛውን በሰፊ ልዩነት አለፈ።

ኦምዱርማን

የማክሲም ኩባንያ በ1884 ሲቋቋም ሊቀ መንበሩ አልበርት ቪከርስ ነበር፤ በ1888 ከኖርደንፌልት ኩባንያ ጋር ተዋሃደ፤ በ1897 ደግሞ በቪከርስ ተጠቀለለ። የንግዱ ታሪክ ረጅም ቢሆንም ለዚህ ጭብጥ የሚጨምረው ጥቂት ነው። መሣሪያው የት ዋለ የሚለው ግን ሊዘለል አይገባም። አውሮፓ ውስጥ ሰፊ ጦርነት ከመነሣቱ በፊት የመጀመሪያዎቹ ታላላቅ ሰለባዎቹ አፍሪካውያን ነበሩ። በ1893 በዛሬይቱ ዚምባብዌ የንዴቤሌ ተዋጊዎች በሻንጋኒና በቤምቤሲ በማክሲም ተኩስ አለቁ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2 ቀን 1898፣ በኦምዱርማን የሆነው ከዚህም የከፋ ነው።

በዚያ ዕለት በጀኔራል ኪችነር የሚመራውን የእንግሊዝና የግብጽ ጦር የገጠመው የሱዳን መሐዲስቶች ሠራዊት ለኢትዮጵያ ታሪክ እንግዳ አይደለም፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በማርች 1889 መተማ ላይ የወደቁት ከዚሁ ኃይል ጋር ሲዋጉ ነው። መተማ ላይ ሁለቱም ወገኖች የተገናኙት በተቀራራቢ መሣሪያ ነበር። ኦምዱርማን ላይ ግን ከ10,000 በላይ መሐዲስቶች ሲሞቱ ከኪችነር ወገን የሞቱት 48 ያህል ብቻ ናቸው። ከመድፉና ከጠመንጃው ጋር የማክሲም መትረየሶች በምድርም በዐባይ ላይ በተሰለፉ ጀልባዎችም ነበሩ።

በውጊያው የተሳተፈው ወጣቱ ዊንስተን ቸርችል በ1899 ባሳተመው የሱዳን ዘመቻ መጽሐፉ፣ ስለ ግለት ለሚያጠና ሰው ዋጋ ያላቸው ሁለት ነገሮችን መዝግቧል። እግረኛ ወታደሮቹ ጠመንጃቸው ለመያዝ እስኪያስቸግር ስለጋለ ከተጠባባቂ ጓዶቻቸው ጠመንጃ ጋር ይለዋወጡ ነበር። መትረየሶቹ ደግሞ በቋታቸው ያለውን ውሃ ጨርሰው፣ አንዳንዶቹ ተኩሱን የቀጠሉት ከወታደሮች የመጠጥ ውሃ ኮዳ ተጨምሮላቸው ነው። ከላይ በስሌት የታየው ሁሉ እዚህ በሜዳ ላይ ይታያል፤ ነጠላ ጠመንጃ ሲግል የሚለወጥ ሌላ ጠመንጃ ያስፈልገዋል፤ መትረየሱ የሚፈልገው ግን ውሃ ብቻ ነው። የዚያ ቀን እልቂት በዚያ መጠን የቀጠለው ርግጫው ስለሚያጎርስ ብቻ አልነበረም፤ ውሃው ግለቱን ስለተሸከመም ጭምር ነው። ስለ ማክሲም በተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ይህ በአንድ ሐረግ መታለፉ ተገቢ አይመስልም።

በዚሁ ዘመን የባሩዱ ጠባይም ተለውጧል። ጥቁሩ ባሩድ ጭሱ የተኳሹን ዐይን ይሸፍን፣ ጥቀርሻውም አፈሙዙን ይደፍን ነበር። በ1889 እንግሊዝ ውስጥ የተሠራው ኮርዳይት የተባለው ጭስ አልባ ባሩድ ሁለቱንም ችግሮች ቢያቃልልም፣ 58 በመቶ ናይትሮግሊሰሪን ስለነበረበት የሚፈጥረው ነበልባል እጅግ የጋለ ነበር። የጠመንጃ አፈሙዝ በፍጥነት መበላት ስለጀመረ በ1895 የውስጥ ቦዮቹን ቅርጽ መለወጥ ግድ ሆነ። ማክሲም ራሱም በጭስ አልባ ባሩድ ላይ ሠርቶ የባለቤትነት መብት አስመዝግቧል፤ በዚህ ዘርፍ ግን የድካሙን ያህል አልተሳካለትም።

እንፋሎት በአየር ላይ

ከመሣሪያ ሽያጭ ያገኘውን ገንዘብ ማክሲም ያፈሰሰው በበረራ ሙከራ ላይ ነው። በኬንት አውራጃ በቦልድዊንስ ፓርክ የሠራው የበረራ መኪና ከ3.5 ቶን በላይ ይመዝን ነበር፤ የክንፉ ስፋት 32 ሜትር ያህል፣ ኃይሉም እያንዳንዳቸው 180 የፈረስ ጉልበት ከሚያመነጩ ሁለት የእንፋሎት ሞተሮች ነበር። መኪናው የሚንደረደረው በሐዲድ ላይ ሲሆን፣ ከመጠን በላይ እንዳይነሣ የሚይዙት ከላይ የተዘረጉ መከላከያ ሐዲዶች ነበሩ። በጁላይ 31 ቀን 1894 መኪናው ከምድር ተነሥቶ መከላከያውን ሰበረ፤ ማክሲም ወዲያው እንፋሎቱን ዘጋ፤ መኪናው ተጎድቶ ቆመ። መሪ መሣሪያው ደካማ ስለነበር በረራ ተደርጓል ለማለት አይቻልም።

የሚያስገርመው እዚህም ያው ጥያቄ ተመልሶ መምጣቱ ነው። መትረየሱ ላይ እንፋሎት ወደ አየር ቢባክን ችግር የለውም፤ ውሃ መጨመር ይቻላል። አየር ላይ ላለ መኪና ግን እያንዳንዱ ሊትር ውሃ ሸክም ነው። ስለዚህ ማክሲም እንፋሎቱን በአየር አቀዝቅዞ መልሶ ውሃ የሚያደርግ ቀላል መሣሪያ ለማግኘት ሞክሯል። አንድ ዓይነት ሙቀትን በሁለት ተቃራኒ መንገድ ማስተዳደር ነበረበት፤ በአንዱ ሙቀቱን መጣል፣ በሌላው ሙቀቱን ጥሎ ውሃውን ማትረፍ።

የውሃው ገደብ በኋላ በምድርም ላይ ታይቷል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ እንፋሎቱ የመትረየሱን ቦታ ለጠላት እንዳያጋልጥ በጎማ ቱቦ ወደ ውሃ ጣሳ ይመራ ነበር፤ እዚያ ቀዝቅዞ የሚጠራቀመውም ተመልሶ ወደ ቋቱ ይገባል። በክረምት ውሃው እንዳይረጋ ግሊሰሪን ይጨመርበት ነበር፤ ውሃ ሲጠፋ ሽንት ሳይቀር ጥቅም ላይ እንደዋለ የሚናገሩ ምስክርነቶች አሉ። ክብደቱ ግን አልቀነሰም። ከዚህ የተነሣ ሌሎች ንድፍ አውጪዎች ወደ አየር ፊታቸውን አዞሩ፤ ሆችኪስ በአፈሙዙ ላይ ወፋፍራም የብረት ቀለበቶችን አደረገ፤ የሉዊስ መትረየስ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ለበሰ፤ በ1930ዎቹ የተሠሩት የጀርመን መትረየሶች ደግሞ የጋለውን አፈሙዝ በሴኮንዶች ውስጥ በሌላ መቀየርን መረጡ። የጋትሊንግ ብዙ አፈሙዞች በሌላ መልክ ተመለሱ ማለት ይቻላል፤ በአንድ ጊዜ መደርደራቸው ቀርቶ በተራ የሚገቡ ሆኑ። ማናቸውም ቢሆኑ ለረጅም ተከታታይ ተኩስ ውሃውን አልተስተካከሉትም፤ ቪከርስ ከብሪታንያ ጦር የተሰናበተው በ1968 ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ማክሲም በ1900 የብሪታንያ ዜግነት ወሰደ፤ በ1901 የሰር ማዕረግ ተሰጠው። ለዓመታት በመሣሪያዎቹ ሙከራ ላይ በመዋሉ ጆሮው ክፉኛ ደንቁሮ ነበር። የደረት ሕመም ስላሠቃየው መድኃኒትነት ያለው እንፋሎት ወደ ጉሮሮ የሚያስገባ መተንፈሻ ሠራ፤ አንዳንድ ወዳጆቹ የሳይንቲስትነት ክብሩን ዝቅ ያደርጋል ብለው ስለተቹት ቅር እንደተሰኘ ጽፏል። ሰው ለሚገድለው ፈጠራው የተሸለመ ሰው፣ ለሚያሽለው ፈጠራው መነቀፉ አስመርሮት ነበር። አሜሪካ ትቶት የሄደው ልጁ ሃይራም ፐርሲ ማክሲም በበኩሉ የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ፈልስፎ በ1909 የባለቤትነት መብት አገኘ፤ የዚያም አሠራር ትኩሱን ጋዝ ከአፈሙዙ ጫፍ በኋላ በተከፋፈሉ ክፍሎች ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲሰፋና እንዲቀዘቅዝ ማድረግ ነው።

አባትየው ከቪከርስ ኩባንያ ቦርድ በ1911 ተሰናበተ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጦርነቱ ሲጀመር የጀርመን ጦር ኤም ጂ 08 የተባለውን፣ የሩሲያ ጦር የ1910ሩን ሞዴል፣ እንግሊዞች ቪከርስን ይዘው ወጡ፤ ሦስቱም የእሱ ንድፍ ዝርያዎች፣ ሦስቱም በውሃ የሚቀዘቅዙ ነበሩ። በጁላይ 1 ቀን 1916 በሶም ግንባር የብሪታንያ ጦር በአንድ ቀን ብቻ 57,470 ቁስለኛ፣ ሙትና የጠፋ ወታደር መዘገበ፤ ከእነዚህ 19,240ዎቹ የሞቱ ናቸው፤ ብዙዎቹን የጣላቸው የጀርመን መትረየስ ነው። ውጊያው እስከ ኖቬምበር 18 ቀጠለ። ሰር ሃይራም ማክሲም ከዚያ ስድስት ቀን ቆይቶ፣ በኖቬምበር 24 ቀን 1916፣ በ76 ዓመቱ ለንደን ውስጥ በስትሬተም በሚገኘው ቤቱ አረፈ፤ የተቀበረውም በዌስት ኖርውድ መካነ መቃብር ነው።